ከተራራ ስለ መውረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጉዞ ፍጻሜ ነው። ስለ ጉዞ መጀመሪያ ብዙ ተሰብኳል። አብርሃም ከአባቱ ቤት ስለ መውጣቱ፥ እስራኤልም ከግብፅ ስለ መውጣታቸው ያልሰማ ከመካከላችሁ የለም። ስለ ፍጻሜው ግን እምብዛም አይነገርም፤ ምክንያቱም ሁሉ ሰው የደረሰ ጊዜ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋልና።

እኛ የሐረር ሰዎች መንገድ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን በመጣ ቁጥር፥ በአወዳይና በሐረማያ አልፈን ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል እንጓዛለን። ልዑል ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የተሳሉትን ስእለት አባቶቻችን ነግረውናል፤ ከዚያ ወዲህ ያ ኮረብታ የስንቱን ስእለት እንደ ተቀበለ እግዚአብሔር ይወቀው። ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ አለ፤ ልጁን በጀርባው አዝሎ የሚሄድ አለ። ታዲያ ልብ ብላችሁ ብታዩ፥ በመሄጃው ቀን የተጣላ ይታረቃል፥ ስንቅ ያለው ለሌለው ያካፍላል፥ ሽማግሌ ሲደክም ወጣቱ ክንዱን ይሰጠዋል። በመመለሻው ቀን ግን፥ ያው ወጣት ያንኑ ሽማግሌ በክርኑ ገፍቶ በአውቶቡሱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ታገኙታላችሁ። ስእለቱ ገብቷል፤ ሥዕሉን ስሟል፤ ጠበሉን ጠጥቷል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የእግዚአብሔር መንገድ መሆኑን ማን ይንገረው?

ይህን ነገር እንዳነሣ ያደረገኝ በዚህ በኅዳር ወር፥ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ፥ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ከጥቂት እናቶች ጋር ያደረግነው የአንድ ቀን ጉዞ ነው። የሄድነውም ወደ ሐርላ ነው። ሐርላ ከሐረር በስተ ሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከድሬዳዋም 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራማው አገር የምትገኝ መንደር ናት። በመንደሯና በዙሪያዋ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ። ትላልቅ የተጠረቡ ድንጋዮች ከአፈር ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ገበሬው ሲያርስ ዶቃና የሸክላ ስባሪ፥ አልፎ አልፎም የመዳብና የብር ገንዘብ ያገኝ ነበር።

ከ2007 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የእንግሊዝ አገሩ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ቲሞቲ ኢንሶልና የሥራ ጓደኞቻቸው ከአገራችን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በዚያ ቁፋሮ አድርገዋል። ውጤቱ በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. ለዓለም ተነገረ። በ12ኛው ምዕት ዓመት የተሠራ መስጊድ ተገኘ፤ መካነ መቃብር ተገኘ፤ የአንጥረኞች መሥሪያ ተገኘ፤ ከማልዲቭ የመጣ ዛጎል፥ ከየመንና ከቻይና የመጣ ሸክላ፥ በ13ኛው ምዕት ዓመት በግብፅ የተመታ ገንዘብ ተገኘ። ከተማይቱ ከ6ኛው ምዕት ዓመት አንሥቶ እስከ 15ኛው ድረስ ሰው ይኖርባት እንደ ነበር ሊቃውንቱ ይናገራሉ። እንግዲህ እኛ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ይህን በራሳችን አቈጣጠር እንመዝነው፦ ሐርላ ስትቈረቈር ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ዜማውን የደረሰበት ዘመን ነበረ፤ መስጊዷ ሲሠራ ደግሞ በላስታ የዛጉዌ ነገሥታት ዓለት እያስፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚያሳንጹበት ዘመን ቀርቦ ነበረ። በአንዲት አገር ሁለት መዶሻ ይሰማ ነበር ማለት ነው።

መኪናችንን በዋናው መንገድ ላይ ትተን በእግር ወጣን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በማሳው ላይ ተከምሯል፤ በየድንበሩ ቁልቋል፥ በየጓሮው ጫት አለ። መንገዱን የመራን የዚያው አገር ገበሬ የሆነ አንድ አረጋዊ እስላም ነው። በእድሜው ከእኔ በ30 ዓመት ያህል ይበልጣል፤ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ እንደ ጎረምሳ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ከመንደሩ በታች ወዳለው ደረቅ ወንዝ ስንደርስ ቆም ብሎ ሁላችንን አንድ በአንድ አሻገረን፤ ሰው ባለፈ ቁጥርም ከወንዙ አንዳንድ ጠጠር እያነሣ በኪሱ ይከት ነበር። ወጣቶቹ ልማድ ወይም ሟርት መስሏቸው ተሳሳቁ።

ከፍርስራሹ አጠገብ ተቀምጠን ሳለን ሽማግሌው አባቶቹ የነገሩትን ነገረን። ሐርላዎች ግዙፋን ሰዎች ነበሩ፤ ያለዚያማ እነዚህን ድንጋዮች ማን ያነሣቸዋል? ሀብታሞችም ነበሩ፤ በሀብታቸው ስለ ታበዩ ፈጣሪ ድርቅና ራብ አምጥቶ አጠፋቸው። ከወጣቶቹ አንዱ የተማረ ነውና፥ አጥንታቸው በቁፋሮ ወጥቶ እንደ እኛው ያሉ ሰዎች መሆናቸው መታወቁን ነገረው። ሽማግሌው ፈገግ ብሎ፥ «አጥንቱን ለኩት፤ ድንጋዩን ያነሣውን ክንድ ግን ማን ለካው?» አለ።

ከዚያም ያው ወጣት ወደ እኔ ዞሮ፥ «አባታችን፥ በጾም ቀን ይህን ያህል ደክመን የመስጊድ ፍርስራሽ ማየታችን ለነፍሳችን ምን ይጠቅማል? ወደ አንድ ገዳም ብንሄድ አይሻልም ነበርን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የክፋት አይደለም። ከእናንተም መካከል ይህን ስትሰሙ ያንኑ በልባችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ፤ ስለዚህ መልሱን ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

ጌታችን በምድር ሲያስተምር ሰዎች ስለ ሞቱ ሰዎች ወሬ ይዘው ወደ እርሱ መጥተው ነበር። እርሱም በሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች አንሥቶ፥ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች እንደ ነበሩ አድርገው እንዳይቈጥሯቸው አስጠነቀቃቸው፤ ወሬውንም ወደ ራሳቸው ንስሐ መለሰው። ስለ ፈረሰ ግንብ የተሰጠን ትርጓሜ ይህ ነው። የፈረሰ ቤት ባየን ጊዜ የባለቤቱን ኃጢአት ለመቍጠር ጣታችን ይፈጥናል። ሽማግሌው ስለ ወገኖቹ ትዕቢት ሲናገር ስለ ገዛ ሥሩ ይናገር ነበርና በእርሱ አፍ ትሕትና ነው፤ እኛ ያንኑ ቃል ብንደግመው ግን ፍርድ ይሆንብናል። ሊቃውንቱም ከተማይቱ የተለቀቀችበትን ምክንያት ሲመረምሩ በሽታንና የአየር ንብረት መለወጥን ያነሣሉ። በሽታና ድርቅ የማንን ሃይማኖት ይጠይቃሉ? የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት በዓይናችን ያየን፥ ከዓመታትም በኋላ ውኃው ሲመለስ ያመሰገን እኛ አይደለንምን? ሐይቁ በደረቀ ጊዜ የክርስቲያኑም የእስላሙም እንስራ ባዶ ነበር።

ደግሞም ሐርላ ከተለቀቀች በኋላ የሐረር ከተማ እየገነነች መሄዷን የቁፋሮው ሊቃውንት ይናገራሉ፤ የሐረር ሽማግሎችም ሐርላዎችን ከጥንት አባቶቻቸው ይቈጥሯቸዋል። እንግዲያስ ያየነው የጎረቤታችንን የአያት ቤት ነው። ጎረቤት ሲታመም እንጠይቃለን፥ ሲሞት እንቀብራለን፥ ሲድር ድንኳን እንተክላለን፤ አያቱ የኖረበትን ቤት አይቶ ዝም ብሎ መቆም ከዚህ የሚበልጥ ድካም ነውን? የእኛም የፈረሰ አለን። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ዘመቻ እነ መካነ ሥላሴን የመሰሉ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ በዚያው ምዕት ዓመት ደግሞ የሐረር ሰዎች ከተማቸውን ለመጠበቅ በአሚር ኑር ዘመን ይህን ዛሬ የምንኮራበትን ግንብ አቁመዋል። ሰው የሚፈራውን ነገር ያጥራል። ቢሆንም ከዚህ ግንብ ውስጥ ዛሬ የመድኃኔ ዓለም ደወልና የአዛን ድምፅ በአንድ ጎሕ ይሰማሉ፤ ከተማይቱም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተመዘገበው ድንጋዩ ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ለዚያ ወጣት የመለስሁለት ይህን ነው። እርሱም አልተከራከረኝም፤ ይሁን እንጂ ልቡ እንደ ተረታ አልታየኝም። ሰው በንግግር ብቻ አይረታም።

ከመነሣታችን በፊት አንዲት ልጅ ከማሳው ውስጥ አንዲት ቀይ ዶቃ አገኘች። ለማስታወሻ ልትወስዳት ፈለገች። ሽማግሌው ሳይቆጣ፥ «ልጄ፥ አንቺ ስትወስጃት ዶቃ ናት፤ እዚህ ስትቀመጥ ግን ነገር አላት» ብሎ ለጥናቱ ጠባቂዎች እንድትሰጥ አደረጋት። የአገራችን የቅርስ ሕግ የሚያዝዘውን ሕግ ያልተማረው ገበሬ በአንድ ቃል ተናገረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። መውረድ ጀመርን። ቁልቁለት ጉልበትን እንደሚፈትን ወጣት አያውቅም። ወጣቶቹ እየዘመሩ ቀድመው ወረዱ፤ ግማሾቹም መኪናው ውስጥ ገብተው ወንበር ያዙ፤ ሾፌሩ ሳይመሽ እንሂድ እያለ ጥሩምባ ያሰማ ጀመር። ሽማግሌው ግን ከደረቁ ወንዝ ዳር ቆሞ ቀረ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበርሁ። ሰው ባለፈ ቁጥር ከኪሱ አንድ ጠጠር እያወጣ ወደ ወንዙ ይጥላል። ሁሉ አልፎ ካለቀ በኋላ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ሁለት ጠጠሮች ቀርተው ነበር።

ከእናቶች አንዲቱ ጉልበቷ ከድቷት ከኋላ ቀርታ ኖሯል። እናንተ እለፉ፥ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ ብላ ሌሎቹን አሰናብታለች። ዶቃዋን ያገኘችው ልጅ ብቻ ትታት ለመሄድ እንቢ ብላ አብራት ተቀምጣለች። ያ አገር ሲመሽ የጅብ አገር ነው። በሐረር በር ላይ ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ሲበላ ያየ ሰው የጅብን ነገር እንደ ጨዋታ ይቈጥረው ይሆናል፤ የተራራው ጅብ ግን ያንን ወዳጅነት አልተማረም።

ሽማግሌው ዱላውን አንሥቶ ተመለሰ። «አባቴ፥ እርስዎ ይረፉ፤ ወጣቶቹ ይሂዱ» ብለው፥ «እኔ ነኝ የወሰድኋቸው፤ እኔ እመልሳቸዋለሁ» አለኝ። ያ በማለዳ የጠየቀኝ ወጣት ይህን ሰማ፤ ከመኪናው ወርዶ ተከተለው፤ ሌሎች ሦስትም ተከተሏቸው። ሴትዮዋን በጋቢ ቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። በዚያ መካከል በመኪናው ውስጥ የነበሩት አንዳንዶቹ ማጕረምረማቸውን አልደብቃችሁም። ነገ ቅዳሴ አለብን ያለም ነበር! ለቅዳሴ ብሎ የእግዚአብሔርን መቅደስ በተራራ ላይ ጥሎ መሄድ እንዴት ያለ መንፈሳዊነት እንደ ሆነ እንጃ።

ምእመናን ሆይ፥ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦርን በዓል እናከብራለን፤ ልጆቻችን ጅራፍ ያጮኻሉ፥ ሙልሙል ይቀበላሉ። የበዓሉን ታሪክ እስከ የት ድረስ ነው የምናስታውሰው? ጌታ በተራራው ላይ ፊቱ በራ፤ ሙሴና ኤልያስ ተገለጹ፤ ጴጥሮስም በዚያ መኖር ለእርሱ መልካም ሆኖ ስለ ታየው ሦስት ዳስ ሊሠራ ወደደ። ከዚህ በኋላ ግን ብዙዎቻችን መጽሐፉን እንከድነዋለን። መጽሐፉ ግን አላለቀም። ጌታ ዳሱን አልፈቀደም፤ ወረዱ። ከተራራው እግር ሥር ምን አገኙ? አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ ቆሟል። ልጁ በእሳትና በውኃ ይወድቃል፤ ከታች የቀሩት ደቀ መዛሙርት ሊፈውሱት አልቻሉም፤ ሕዝቡም ተሰብስቦ ይከራከራል። በላይ ብርሃን፥ በታች ጩኸት። ጌታችንም ብርሃኑን ለብሶ የወረደው ወደዚያ ጩኸት ነው። ስለዚህ የደብረ ታቦር በዓል ፍጻሜው በተራራው ራስ ላይ አይደለም፤ ልጁ ተፈውሶ ለአባቱ በተሰጠበት በሜዳው ላይ ነው።

እኛ በቆሎ ተማሪነት ዘመናችን ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው በእግር ስንሄድ፥ ከሁሉ የበሰለው ተማሪ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ይሄድ ነበር። ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፤ ከኋላ ያለው ግን ሰዎቹን ያያል። እረኛም ቢሆን፥ መቶ በጎች ያሉት እረኛ አንዷ መጥፋቷን ያወቀው ስለ ቈጠረ ነው። ያልቈጠረ ሰው የጠፋበትን አያውቅምና በሰላም ይተኛል።

በሩቅ አገርም እንዲህ ያለ ነገር አለ። በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ማቹ ፒቹ የሚባል በ15ኛው ምዕት ዓመት የተሠራ የተራራ ላይ ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ ከዓለም ዙሪያ ሰዎች በመሪ ተመርተው አራት ቀን በእግር እየተጓዙ ይደርሱበታል። በዚያ መንገድ በቀን ከ500 ሰው በላይ እንዲሄድ አይፈቀድም፤ ከእነዚህም ውስጥ 300 ያህሉ መሪዎችና ተሸካሚዎች ናቸው። ድንኳኑን፥ ምግቡንና ድስቱን በጀርባቸው ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡት እነርሱ ናቸው። በመጨረሻው ቀን መንገደኞቹ በፀሐይ መውጫ ጊዜ ወደ ፍርስራሹ በር ደርሰው ደስ ይላቸዋል፥ ሥዕል ይነሣሉ፤ ተሸካሚዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ያን በር ሳያዩ በሌላ መንገድ ወደ ባቡሩ ይወርዳሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሙሴ ትዝ አለኝ። 40 ዓመት ሕዝቡን መርቶ፥ ጩኸታቸውን ተሸክሞ፥ ከናባው ተራራ ላይ ሆኖ የተስፋይቱን ምድር በዓይኑ አየ እንጂ አልገባባትም፤ የገቡት እርሱ የመራቸው ናቸው። ስንቶቻችን እንደ ሆንን እንመርምር፤ ሌላው በተሸከመው ድስት በልተን፥ ሌላው በጠረገው መንገድ አልፈን፥ ደረስሁ የምንል።

ለምጻሞቹን ታስታውሳላችሁ። አሥር ነበሩ፤ በመንገድ ሲሄዱ አሥሩም ነጹ። ለማመስገን የተመለሰው ግን አንዱ ብቻ ነበረ፥ እርሱም ሳምራዊ ነበረ። ዘጠኙ ክፉዎች እንደ ነበሩ ወንጌሉ አልነገረንም። ምናልባት ወደ ቤታቸው ቸኵለው ይሆናል፤ ምናልባት መኪናቸው ጥሩምባ ነፍቶባቸው ይሆናል። ጌታችን ግን ስለ ዘጠኙ ጠየቀ።

ሴትዮዋና ልጅቱ ከደረሱ በኋላ ስንቃችንን ፈታን። ጾም ነውና ዳቦና ቆሎ ነበር። ሽማግሌውም አብሮን ተቀምጦ ከአንድ መሶብ ቆሎ ዘገነ፤ በቆሎ ላይ የክርስቲያንና የእስላም ልዩነት የለምና ማንም አልተሳቀቀም። ከዚያም የተዋዋልነውን ዋጋ ሰጠሁት፤ ቈጥሮ ተቀበለ። ሊቀበልም ይገባዋል። አንዳንድ ሰው የምርቃት ቃል ሰጥቶ ገንዘቡን ማስቀረት የሚፈልግበት ጊዜ አለና ይህን መናገሬ ነው፤ ምርቃት የደመወዝ ምትክ አይሆንም። በተጨማሪ የሰጠነውን ግን አልቀበልም አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ ሰው ማምጣት ከዋጋው ውስጥ የተቈጠረ ሥራ እንጂ ትርፍ ሥራ እንዳልሆነ ነገረን። የተቀሩትን ሁለቱን ጠጠሮችም ለዚያ ወጣት ሰጥቶት በጨለማ ወደ መንደሩ ተመለሰ።

እንግዲህ ታኅሣሥ 19 ቀርቧል፤ ብዙዎቻችሁ ለቁልቢ ትነሣላችሁ። ከየአጥቢያው በማኅበር የምትሄዱ ሁሉ ከመነሣታችሁ በፊት ሰዎቻችሁን ቍጠሩ። ከፊት የሚሄድ ብቻ ሳይሆን ከኋላ የሚሄድም ሹሙ፤ ከኋላ የሚሄደውም ውኃና ጋቢ ይያዝ። በመመለሻው ቀን ሕፃናት የያዙ እናቶችና አረጋውያን አስቀድመው መኪና እንዲገቡ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየመሳፈሪያው ይቆማሉ፤ እባካችሁ ታዘዙላቸው። በመንገድ ውኃ ያቀበላችሁን ገበሬ፥ በደጁ ያሳረፋችሁን ሰው በመመለሻው ቀን ሳታመሰግኑት አትለፉ፤ እስላምም ቢሆን ክርስቲያን። የአጥቢያችን ማኅበር ከኋላ የሚሄደውን ሰው መርጧል፤ ሁለት ጠጠር በኪሱ ያለው ያ ወጣት ነው። ጉልበቷን ያመማት እናታችንም ድና በዱላ መሄድ ጀምራለች፤ ለጉዞው ስሟን ከሁሉ ቀድማ ያስመዘገበችውም እርሷ ናት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።